አንድ ጠብታ ደም፣ 20 ዓይነት ካንሰር፦ ስለ «ናኖ» ምርመራ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ከአራት ወር ወዲህ ሌሊት ሌሊት ለሽንት አራት አምስት ጊዜ ይነሳሉ። የምንኖረው ፒያሳ ነው። ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ ደረሰኝ። ከጣት በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም፣ በ‹ወርቅ ናኖ ቴክኖሎጂ›፣ 20 ዓይነት ካንሰር በ15 ደቂቃ ይለያል ይላል። ትክክለኛነቱም 99 በመቶ ነው ተብሏል። አባቴ የሆስፒታል ወረፋ ስለሚሰለቻቸው ይኼ ይሻለኛል እያሉ ነው። እህቴ ደግሞ ወርቁ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ኩላሊታቸውን ይጎዳል ብላ ፈርታለች። ስኳር በአንድ ጠብታ ደም ይለካ የለ? ካንሰርስ ለምን አይለካም? ናኖ ማለትስ ራሱ ምንድን ነው? እናሠራላቸው ወይስ ይቅር?»

ይቅር። ገንዘቡን አይክፈሉ። አባትዎን ግን በዚሁ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። መልሱ ይኸው ነው። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል። ማስታወቂያው ከላይ እስከ ታች ውሸት ቢሆን ኖሮ ሁለት መስመር ይበቃኝ ነበር። ችግሩ እውነት የተቀላቀለበት መሆኑ ነው።

መጀመሪያ የእህትዎን ስጋት እናንሳ። ወርቁ ሰውነት ውስጥ አይገባም። ደሙ ነው ወደ ወርቁ የሚሄደው። ጣት ይወጋል፣ ጠብታዋ ስትሪፕ በሚባለው የመመርመሪያ ቁራጭ ላይ ታርፋለች፣ ሥራው በሙሉ እዚያው ያልቃል። ለኩላሊት የሚያሰጋ ነገር የለውም። እኔን የሚያሰጋኝ ከዚያ በኋላ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ውጤት ነው።

ናኖ የልኬት ስም ነው። አንድ ናኖ ሜትር ማለት የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖ ሜትር ይደርሳል። በምርመራ ስትሪፕ ውስጥ የሚገባው የወርቅ ቅንጣት ብዙ ጊዜ 40 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት ሺህ ያህሉን ጎን ለጎን ቢደረድሩ አንዲት ፀጉር ያክላሉ። እንዲህ ሲያንስ የዕቃው ጠባይ ይለወጣል። የፒያሳ ልጅ ስለሆኑ የወርቅ ቤቶቹን መስታወት ያውቁታል። እዚያ ያለው ወርቅ ቢጫ ነው። ያንኑ ወርቅ ወደ 20 ወይም 40 ናኖ ሜትር አድቅቀው ውሃ ውስጥ ሲበትኑት ግን ቀይ ይሆናል፣ ቁርጥ የወይን ጠጅ። ብርሃን ሲያርፍበት የቅንጣቱ ኤሌክትሮኖች አብረው ይወዛወዛሉ። አረንጓዴውን ብርሃን ይውጡትና ለዓይናችን ቀዩን ይተዉልናል። ማይክል ፋራዳይ ስለዚህ ቀይ ወርቅ የጻፈው በ1857 እ.ኤ.አ. ነው። ዘመን አመጣሽ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ስፋት ነው። ቡና ሳይወቀጥ ጀበና ውስጥ ቢጨምሩት ምን ያህል ይወጣለታል? ሲወቀጥ ግን ያው ቡና ውሃውን የሚነካበት ገጽ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ናኖ ቅንጣትም እንደዚያው ነው። በጣም ትንሽ ዕቃ ላይ በጣም ሰፊ ገጽ ያገኛሉ። በዚያ ገጽ ላይ የሚፈልጉትን ፕሮቲን የሚይዙ ብዙ አንቲቦዲዎችን መለጠፍ ይቻላል።

ይህ ቴክኖሎጂ አባትዎ ሰፈር ከደረሰ ቆይቷል። ፋርማሲ የሚሸጡት ቀይ መስመር የሚያወጡ የእርግዝና መመርመሪያዎች በአብዛኛው የወርቅ ናኖ ቅንጣት ያለባቸው ናቸው። አንድ ሰው ከአዋሽ ወይም ከመተሃራ ትኩሳት ይዞት ሲመለስ ጣቱ ተወግቶ የሚታይበት የወባ ስትሪፕም እንዲሁ። የኮቪድ ጊዜ ፈጣኑ የአፍንጫ ምርመራም የዚያው ቤተሰብ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ አንቲቦዲ ወርቁ ላይ ተለጥፏል። ሌላው አንቲቦዲ ስትሪፑ ላይ፣ መስመሩ በሚወጣበት ቦታ ተተክሏል። የሚፈለገው ፕሮቲን በናሙናው ውስጥ ካለ በሁለቱ መሃል እንደ ሳንዱች ይያዛል። ወርቁም አብሮ እዚያው ይቀራል። እጅግ ብዙ ቅንጣት አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ቀይ መስመር ሆኖ ይታያል። ፕሮቲኑ ከሌለ ወርቁ አልፎ ይሄዳል።

እንግዲህ ማስታወቂያው ላይ እውነት የሆነው ይህ ነው፦ ወርቅ አለ፣ ናኖ አለ፣ አንድ ጠብታ ደምም ይበቃዋል፤ ለአንዳንድ ነገር።

ለምን ለአንዳንድ ነገር ብቻ? የስኳር ጥያቄዎ መልሱን ይዟል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ሊትር 1 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ይህ ብዙ ነው፤ ጠብታዋ ሞልታለች ማለት ይቻላል። ለፕሮስቴት የሚለካው ፒኤስኤ የሚባለው ፕሮቲን ግን በተለምዶ «ከፍ ብሏል» የሚባለው በአንድ ሚሊ ሊትር 4 ናኖ ግራም ሲያልፍ ነው። ሂሳቡን ሲሠሩት ስኳሩ 250,000 እጥፍ ይበልጣል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ የሚለካው ትሮፖኒን ደግሞ ከዚህም ያንሳል። በአንደኛው ዓይነት ምርመራ የጤነኛ ሰው የላይኛው ጣሪያ በሊትር 14 ናኖ ግራም ነው። በዚያው ሊትር ውስጥ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ወደ 40 ግራም ይደርሳል። ሲነጻጸር 3 ቢሊዮን እጥፍ ገደማ ነው። የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ የጠፋ ልጅ መፈለግ ከባድ ነው እንላለን አይደል? እዚህ ግን ጃንሜዳው የዓለምን ሕዝብ ሲሶ የሚያህል ሕዝብ ተሰብስቦበታል።

ተመራማሪዎች ለዚህ ፍለጋ ብዙ መሣሪያ አምጥተዋል። ግራፊን አለ፤ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርበን ገበታ። በ2010 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያሸለመ ነው። የካርበን ናኖ ቱቦ አለ። የሲሊኮን ናኖ ሽቦ አለ። እንደ መጠናቸው ቀለማቸው የሚለያይ ኳንተም ዶት የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ፤ እነሱም በ2023 እ.ኤ.አ. ኖቤል አግኝተዋል። ማግኔት የሆኑ ጥቃቅን ዶቃዎችም አሉ። ለእኔ ከሁሉም ጠቃሚዎቹ እነዚህ ዶቃዎች ናቸው። ስማቸው አይገንም፣ ሥራቸው ግን ያኮራል። ፕሮቲኑን ከሕዝቡ መሃል ይዘው፣ በማግኔት ጎትተው ያወጡታል፤ ሌላው ይታጠባል። ዛሬ በትልልቅ ላቦራቶሪዎች የሚሠሩ ብዙ ማሽኖች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። በጣም የረቀቁት ደግሞ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ እስከ መቁጠር ደርሰዋል።

ታዲያ «በናኖ ይህን ያህል ጥቂት ፕሮቲን ለየን» የሚል ዜና ሲሰሙ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ በምን ውስጥ? በንጹህ ውሃ ወይስ በደም? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አራት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ የወርቅ ናኖ ቅንጣት አፍልተን እንሠራ ነበር። የወርቅ ጨው በውሃ ይፈላል፣ ሲትሬት ይጨመርበታል። ፈዛዛ ቢጫው ይጠፋል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ድንገት ያ ውብ ቀይ ብቅ ይላል። አንድ ቀን በደስታ ስጫወት በደንብ ባልታጠበ ብርጭቆ ገለበጥኩት። ትንሽ የጨው ትራፊ ነበረበት። ዓይኔ እያየ ቀዩ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያም ዘቀጠ። ጨዉ ቅንጣቶቹን ያራራቀውን ኃይል ሸፍኖት ተሰባስበው ተጣበቁ። የሦስት ሰዓት ሥራ በአንድ ብርጭቆ ሄደ። ደም ደግሞ ጨዋማ ነው።

ጨዉ የኤሌክትሪክ ዳሳሾቹንም ያስቸግራል። ግራፊን ወይም ናኖ ሽቦ ፕሮቲኑን የሚያውቀው በያዘው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። በደም ጨዋማነት ግን የአንድ ቻርጅ ተጽዕኖ ከ1 ናኖ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ይሸፈናል። ፕሮቲኑን የሚይዘው አንቲቦዲ ራሱ 10 ናኖ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑ አንቲቦዲው ጫፍ ላይ ተይዞ ቁጭ ብሎ፣ ከታች ያለው ሽቦ ላያየው ይችላል። ደሙን በውሃ አቅጥነው ጨዉን መቀነስ ይቻላል። ያን ጊዜ ግን የሚፈልጉት ፕሮቲንም አብሮ ይቀጥናል። አጠር ያሉ መያዣዎችን መጠቀም፣ ፕሮቲኑን መጀመሪያ ይዞ ማጠብ፣ ሌላም ሌላም መላ አለ። ሁሉም ይሠራል፤ ሁሉም ግን ጊዜ፣ ዕቃና ባለሙያ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ማንኛውም ናኖ ቅንጣት ደም ውስጥ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ በሌሎች ፕሮቲኖች ይለበሳል። ከጥቂት ቀን በፊት የታጠበ መኪና ሜክሲኮ አደባባይ በአቧራ ወር ሲቆም እንደሚሆነው ማለት ነው። የሚፈለገው ፕሮቲን ሲደርስ መቀመጫው ተይዟል።

ጠብታዋም ራሷ ወሰን አላት። ከጣት የሚወጣ ጠብታ ከ20 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር (የሚሊ ሊትር ሺህኛ) ቢሆን ነው። ግማሽ ያህሉ የደም ሴል ነው። ከ20 ማይክሮ ሊትር የሚተርፈው ለምርመራ የሚሆን ፈሳሽ 10 ይሆናል። ጣቱ እምቢ ብሎ ሲጨመቅ ደግሞ ከደሙ ጋር ከሥጋ መሃል የሚወጣ ፈሳሽ ይቀላቀልና ያቀጥነዋል፤ ሴሎችም ይፈነዳሉ። ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው ውጤቱ የሚዋዥቀው አንዱ በዚህ ነው። በጣም ጥቂት ለሆነ ፕሮቲን ጠብታዋ ባዶ ልትሆንም ትችላለች። ኬሚስቶች አንድ ፌምቶ ሞላር በሚሉት መጠን፣ በ10 ማይክሮ ሊትር ውስጥ 6,000 ገደማ ሞለኪውል ብቻ ነው ያለው። ከዚያ በሺህ እጥፍ ሲያንስ ስድስት። ስድስት ሞለኪውል ካለበት ፈሳሽ ውስጥ ሌላ ጠብታ ቢወስዱ ሦስት ሊያገኙ ይችላሉ፤ ዘጠኝም ሊያገኙ ይችላሉ። መሣሪያው ፍጹም ቢሆን እንኳ ዕድል ይጫወትብዎታል። ስለ ምራቅ፣ ስለ ላብና ስለ እንባ የሚባለውም ያው ነው፤ በእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ የደም ፕሮቲኖች ከደሙ እጅግ ያነሱ ናቸው።

አሁን ወደ አባትዎ። ይህንን ሁሉ ካልኩ በኋላ የሚገርምዎት ነገር አለ። ለእሳቸው ፒኤስኤ ይህ ሁሉ ረቂቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በ4 ናኖ ግራም ደረጃ፣ በ10 ማይክሮ ሊትር ውስጥ 800 ሚሊዮን ገደማ የፒኤስኤ ሞለኪውል አለ። ተራው የላቦራቶሪ ማሽን አሳምሮ ያየዋል። ከክንድ ደም ሥር ሦስት አራት ሚሊ ሊትር ደም ሰጥተው ዛሬውኑ የሚሠራ ምርመራ ነው። እጅግ የረቀቀ የፒኤስኤ ልኬት የሚጠቅመው ፕሮስቴቱ በቀዶ ጥገና ለወጣለት ሰው ነው። የእሱ ፒኤስኤ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት፤ ትንሽ ሽቅብ ካለ ቶሎ መታወቅ አለበት። አባትዎ እዚያ ላይ አይደሉም።

የእሳቸው ጉዳይ የሚቸግረው ፕሮቲኑ ከተገኘ በኋላ ነው። ፒኤስኤ የካንሰር ፕሮቲን አይደለም። የፕሮስቴት ፕሮቲን ነው። ጤነኛውም ፕሮስቴት ያመነጨዋል። በነገራችን ላይ አማርኛችን እዚህ ላይ ሰው ያስደነግጣል። ዕጢ ስንል ተፈጥሯዊውንም እንላለን፣ የካንሰሩንም እብጠት እንላለን። «የፕሮስቴት ዕጢ» ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ ለቅሶ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ፕሮስቴት ማንኛውም ወንድ ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ዕጢ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያድጋል፤ የሽንት ቧንቧን ይጫናል፤ ሌሊት ያስነሳል። ያ ካንሰር አይደለም። ፒኤስኤውን ግን ከፍ ያደርገዋል። የፕሮስቴት ቁስለት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ካቴተር የሚባለው የሽንት ማስወጫ ቱቦ መግባት፣ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። በሌሎች አገራት በተሰበሰበው መረጃ፣ ፒኤስኤያቸው ከፍ ብሎ ባዮፕሲ (ከዕጢው ቁራጭ ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ) ከተሠራላቸው ወንዶች ካንሰር የሚገኘው ከአራቱ በአንዱ ገደማ ነው። ከ4 በታች ሆኖ ካንሰር ያለባቸውም አሉ።

ለሌሎች ካንሰሮች የሚለኩት ፕሮቲኖችም ከዚህ አይሻሉም። ሲኤ 125 የሚባለው ለእንቁልጢ ካንሰር ይለካል። በእርግዝናም፣ በወር አበባም፣ በሆድ ቲቢም ይጨምራል። ቲቢ ባለበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኤኤፍፒ ለጉበት ካንሰር ይለካል፤ በሄፓታይተስና በእርግዝናም ይጨምራል። ሲኢኤ ለአንጀት ካንሰር ክትትል ይጠቅማል፤ ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ግን ያለ ካንሰርም ከፍ ይላል። ተቃራኒውም አለ። የወባ ስትሪፖች በብዛት የሚፈልጉት ኤችአርፒ 2 የሚባል የወባ ተሕዋስ ፕሮቲን ነው። በአገራችንም በኤርትራም ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጎደላቸው ተሕዋስያን ተገኝተዋል። በሽተኛው በወባ እየተንቀጠቀጠ ስትሪፑ ዝም ይላል። ወርቁ አልተበላሸም፣ አንቲቦዲውም ደህና ነው። የሚፈልጉት ፕሮቲን ነው የሌለው። ናኖው የቱንም ያህል ቢረቅ ይህን አያስተካክልም።

99 በመቶ የሚለውን ደግሞ እንየው። 99 በመቶ ምን? ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች 99ኙን ያገኛል ማለት ነው? ወይስ ከሌለባቸው 100 ሰዎች 99ኙን በትክክል «የለባችሁም» ይላል ማለት ነው? ሁለቱ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ማስታወቂያው አይነግርዎትም። እሺ፣ ሁለቱም 99 ናቸው እንበል። ከ1,000 ሰው አንዱ ብቻ ያለበት ካንሰር ይሁን። ምርመራው ያንን አንዱን ያገኘዋል። ከቀሩት 999 ግን አሥሩን በሐሰት «አለባችሁ» ይላቸዋል። አሥራ አንድ የደነገጠ ሰው ይኖረናል፤ የታመመው አንዱ ነው። አሁን ይህንን 20 ጊዜ ይድገሙት፣ ምክንያቱም 20 ዓይነት ካንሰር ነው የተባለው። ለእያንዳንዱ 99 በመቶ ቢሆንና ስህተቶቹ የየራሳቸው ቢሆኑ፣ ከ100 ጤነኛ ሰዎች 18ቱ ቢያንስ አንድ ካንሰር «አለባችሁ» ይባላሉ። እያንዳንዱ 95 በመቶ ከሆነ ቁጥሩ 64 ይደርሳል። ከግማሽ በላይ! ያ ሰው ከዚያ በኋላ ሲቲ ስካን፣ አልትራሳውንድ፣ ባዮፕሲ እያለ ይዞራል። ወረፋ ጠልተው የሄዱ አባት ወደ ባሰ ወረፋ ይገባሉ።

ይህ ተስፋ ከዚህ በፊት በብዙ ገንዘብ ተሞክሯል። ቴራኖስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ2003 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም በመቶዎች የሚቆጠሩ ምርመራዎችን እሠራለሁ አለ። የደም መያዣዋን ብልቃጥ ስም እንኳ «ናኖቴይነር» ብለውት ነበር። በ2015 ጋዜጠኛ ሲመረምረው አብዛኛውን ምርመራ በሌሎች ኩባንያዎች ተራ ማሽን እንደሚሠራ ታወቀ። በ2018 ተዘጋ። መሥራቿ ኤልዛቤት ሆልምስ በ2022 ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብላ ከ11 ዓመት በላይ ተፈረደባት። ያን ያህል ገንዘብና ምሁር ተሰብስቦ ያልተሳካ ነገር በቴሌግራም ሲመጣ መጠርጠር ነውር አይደለም።

ዘርፉን ላጣጥል አይደለም። እንጀራዬም ነው። የረቀቀ ልኬት ሕይወት የሚያድንባቸው ቦታዎች አሉ። ደረቱን ያመመው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ትሮፖኒኑ በሰዓታት ልዩነት ሁለቴ ይለካል፤ ትንሽም ብትሆን ጭማሪዋ ትናገራለች። ድሮ የማይታይ የነበረው ያ ጭማሪ አሁን ይታያል። ለአልዛይመርስ ድሮ ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ ይወሰድ ነበር፤ አሁን በደም የሚሠራ ምርመራ በ2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። ልብ ይበሉ፦ ሁለቱም ምልክት ለታየበት ሰው፣ ለአንድ ለተወሰነ ጥያቄ፣ ሐኪም ባለበት የሚሠሩ ናቸው። ጤነኛውንም በሽተኛውንም አሰልፎ «የቱ ካንሰር አለብህ» ለማለት አይደለም።

አሁን ምን ያድርጉ? ሌሊት አራት አምስት ጊዜ መነሳት የፕሮስቴት ማደግ ሊሆን ይችላል። ስኳርም ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽን፣ ልብ፣ ውሃ የሚያስወጣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ወይም ማታ ማታ የሚጠጣ ሻይ ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ካንሰር ካንሰር ሲል ስኳርን ረስቶታል። ሐኪሙ ያዋራቸዋል፣ ይመረምራቸዋል። ሽንት፣ የደም ስኳር፣ የኩላሊት ምርመራና አልትራሳውንድ ሊያዝ ይችላል። ፒኤስኤ ካዘዘ ከክንድ ደም ሥር በሚወሰድ ደም፣ ቁጥር በሚሰጥ ማሽን ይሠራላቸው። መስመር ብቻ የሚያወጣ ስትሪፕ 4.2 ይሁን 42 አይለይልዎትም። የሁለቱ ትርጉም ደግሞ አይገናኝም።

ደሙ ከመወሰዱ በፊት ጥቂት ነገር ይጠንቀቁ። የሽንት ኢንፌክሽን ከተገኘ መጀመሪያ ይታከም፤ ፒኤስኤው ስድስት ሳምንት ገደማ ቢቆይ ይሻላል። ለሁለት ቀን ብስክሌትም ግንኙነትም ይቅር። አባትዎን ስለዚህኛው ማን ይንገራቸው የሚለው የእርስዎ ፈንታ ነው፤ እኔ ከሆንኩ ለሐኪሙ እተወዋለሁ። ፊናስቴራይድ የሚባል የፕሮስቴት መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ የግድ ይናገሩ፤ በወራት ውስጥ ፒኤስኤውን በግማሽ ያህል ዝቅ ስለሚያደርገው ደህና ያልሆነው ደህና ይመስላል። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ለፀጉርና ለጥፍር የሚባል ክኒን ካለም ይናገሩ። ብዙ ጊዜ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን አለበት። በከፍተኛ መጠን የተወሰደ ባዮቲን አንዳንድ ማሽኖችን አሳስቶ ውጤቱን ያዛባል። ውጤቱ ከፍ ካለ አንድ ጊዜ ተለክቶ ብይን አይሰጥም። ይደገማል፤ የሚደገመውም እዚያው ላቦራቶሪ ነው። የአንዱ ኩባንያ ኪት 4.6 ያለውን የሌላው 3.9 ሊለው ይችላል። ላቦራቶሪ በቀየሩ ቁጥር «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት ከንቱ ድካም ነው።

አባትዎ አሻፈረኝ ብለው ያንን ስትሪፕ ካሠሩ፣ ወይም ይህን ሲያነቡ አሠርተውት ከሆነ፣ ሻጩን ይጠይቁት። በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል? ለዚህ አገልግሎት ነው የተመዘገበው ወይስ ለሌላ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው 99 የተባለው? ፖዘቲቭ ካለ ማን ነው የሚከታተለን? ማሸጊያው ላይ የሙቀት ጣሪያው ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ ነው። ፀሐይ ሲመታው በዋለ መደርደሪያ ላይ ከነበረ መመዝገቡም አያድነውም። ፖዘቲቭ ካለ አትደንግጡ፣ በላቦራቶሪ ይረጋገጥ። ነጌቲቭ ካለ ደግሞ «ነጻ ነኝ» ብለው እንዳይቀሩ። ሌሊቱን የሚያስነሳቸው ነገር አሁንም አለ።

ሽንታቸው ደም ከቀላቀለ ቀጠሮ አይጠብቁ። የጀርባ ሕመም መጥቶ እግራቸው ከዛለ፣ ወይም ሽንት ጨርሶ እምቢ ብሎ ሆዳቸው ከተወጠረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።